የመብረቅ መልካም ስም

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተቆጥቶኛል፤ የፈረስ ስም አጥፍተሻል ተብዬ የጠበቃ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። አትሳቁ! ደብዳቤው ዛሬም እጄ ላይ አለ፤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ሦስት ገጽ ሙሉ ነው። ያቺን ሳምንት በተረክኋት ቁጥር ሰው ይስቅልኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የማልስቅበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

እናትነሽ እባላለሁ። ያኔ እንጅባራ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የአካባቢ ሬዲዮ በኮንትራት እሠራ ነበር። ዜና እለቅማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ራሴው አነበዋለሁ። ምላሴ ረዘም ያለ ነው፤ ዜናዬ ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ ካልነሰነስኩ ያነበብኩ አይመስለኝም ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍሬ፣ ማንነቴን የማያውቅ ሰው «እናትነሽ ያለችውን ሰማህ?» ሲል ከሰማሁ የዚያን ቀን ምሳ አያስፈልገኝም።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው ሜዳ የፈረስ ትርዒት ነበረ። እኛ ዘንድ ሰው የፈለገውን ፎቅ ቢያቆም፣ ጥር ላይ በፈረስ ካልታየ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለዋል። አቶ ቢያድግልኝንም ይህ ነገር ሲያንገበግባቸው ኖሯል። ዳንግላ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚነግዱ፣ ቦርጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚያልፍ ሀብታም ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ዳማ ፈረስ በብር ባጌጠ ልጓምና ከደረት እስከ ጭራ በሚሸፍን ቀይ ጨርቅ አስጊጠው ብቅ አሉ። ድምፅ ማጉያውን ተቀብለውም፣ «ይኼ መብረቅ ይባላል! አያቴ ይጋልቡት ከነበረው ፈረስ ዘር የወረደ ነው!» ብለው የፈረሱን ሰባት ትውልድ አንድ በአንድ ቆጠሩ። የራሳቸውን እስከ ስንት እንደሚቆጥሩ እንጃ። የትርዒቱ ኮሚቴም ምን ይሆናል? «ምርጥ የዘር ፈረስ» ብሎ ካባ ደረበላቸው። ለፈረሱ ደግሞ የአበባ ጉንጉን አጠለቀለት። ፈረሱ ጉንጉኑን በላው።

ይህን ጊዜ አጠገቤ የቆመች አንዲት የዳንግላ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ውይ በሞትኩት! ይኼማ የአያ አለኸኝ የጋሪ ፈረስ ነው! ባለፈው ሳምንት ጤፌን ከገበያ ቤቴ ድረስ ያመጣልኝ እኮ ነው!»

አለቀ። ለእኔ በቃኝ። የሴትዮዋን ስም አልጠየቅኩም፣ ዳንግላ አልሄድኩም፣ ለማንም አልደወልኩም። በማግስቱ ጠዋት እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦ «በምርጥ የዘር ፈረስነት የተሸለመው መብረቅ ዳንግላ ላይ ጋሪ ሲጎትት የቆየ ሲሆን፣ አቶ ቢያድግልኝ ለበዓሉ ብቻ ተከራይተውት እንደመጡ ታውቋል።» ታውቋል! ማን እንዳወቀ አትጠይቁኝ። አገሩ ሳቀ፤ እኔም ምሳ ሳያምረኝ ዋልኩ።

ደብዳቤው ሰኞ መጣ። የጣቢያው ኃላፊ ጋሼ ሙሉቀን ጠርቶኝ ስገባ፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞት ነበር።

«አንች ልጅ፣ ምን አድርገሽ ነው ይኼን ያመጣሽብን?»

ወስጄ አነበብኩት። ጠበቃ ስንሻው የሚባሉ ሰው የጻፉት ነው። «የደንበኛዬንና የፈረሳቸውን መልካም ስምና ክብር በሚያጎድፍ መልኩ» ይላል። የፈረሳቸውን! ዝቅ ብሎ፣ «መብረቅ የተባለውን የዘር ፈረስ በጋሪ ፈረስነት በመፈረጅ በደንበኛዬ ቤተሰብ ላይ ከፍተኛ የሞራል ጉዳት አድርሳችኋል» ይላል። እስከ ቅዳሜ ማስተባበያ ካላነበብን በእኔም በጣቢያውም ላይ በስም ማጥፋት ክስ ይመሠረታል፣ የሞራል ካሳም ይጠየቃል። ለድካሜ አስበው ማስተባበያውንም ራሳቸው ጽፈውልኛል፦ «እኔ እናትነሽ ያቀረብኩት ዜና በሙሉ ከክፋት ተነሥቼ የፈጠርኩት ውሸት መሆኑን አምኜ…» ይላል። በራሴ ድምፅ፣ በዜና ሰዓት፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ እንዲነበብ።

«አንብቢውና ይልቀቁን» አለ ጋሼ ሙሉቀን።

«ከዚያ በኋላስ?»

ጋሼ ሙሉቀን መስኮቱን አየ። «ከዚያማ… ሆን ብዬ ዋሸሁ ያለች ልጅ ዜና አንብቢ እላለሁ? ኮንትራትሽም እኮ ሊያልቅ ነው።»

እንግዲህ አስቡት። ካላነበብኩ ጣቢያው ይከሰሳል፤ ጋሼ ሙሉቀን ደግሞ ከመከሰስ እኔን ማባረር ይቀለዋል። ካነበብኩ በገዛ አፌ ውሸታም ነኝ ብዬ ለአገሩ ነግሬ እባረራለሁ። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር የሚቀጥረኝ ሬዲዮ አይኖርም። ሌላ ሙያ የለኝም። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ አፌ ይብሳል፤ «ፈረሱ ራሱ መጥቶ ይክሰሰኝ!» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ረቡዕ ዕለት ዳንግላ ወረድኩ። ከዜናው በፊት መሄድ የነበረብኝን መንገድ ከደብዳቤው በኋላ ሄድኩት ማለት ነው። የአያ አለኸኝን ቤት ለማግኘት አንድ ጋሪ ነጂ ብቻ ነበር የጠየቅኩት። «ፈረሱን የሸጠውን?» አለኝና በጅራፉ ጠቆመኝ። ሸጠ? ተከራየ አይደል እንዴ ያልኩት? ነገሩን ግን ገፋ አድርጌ አለፍኩት።

አያ አለኸኝ ስድሳን የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው ገባ ያለ ሰው ናቸው። ደጃቸው ላይ ፈረስ የሌለው ጋሪ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ቆሟል፤ ዶሮ ላዩ ላይ ሰፍራለች። ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ገመዱን አስቀመጡት።

«እናትነሽ… የሬዲዮዋ? አይ አንች ልጅ! ጉድ አፈላሽ እኮ።»

«አያ አለኸኝ፣ የሚያድነኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ፈረሱ የእርስዎ ነበር አይደል? ሽማግሌ አስቀምጣለሁ፤ መጥተው ይመስክሩልኝ። ካልመሰከሩልኝ አለቀልኝ።»

ባዶውን ጋሪያቸውን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ወዘወዙ።

«አልችልም እህቴ። ምያለሁ።»

«ምን ብለው ማሉ?»

«ያ ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወስዶ አስምሎኛል። የፈረሱን ነገር እኔ ለማንም አልናገርም ብያለሁ። በገብርኤል ነው የማልኩት። አንች ከሥራ ትባረሪያለሽ፣ አዝናለሁ። እኔ ግን ይኼን አፍርሼ ልጆቼን ላስቀስፍ?»

እንደተማረ ሰው ልከራከራቸው ከጀልኩ፤ «መሐላው በግድ ነው፣ አይጸናም» ምናምን ልል። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ገብርኤል ብለው ከማሉ በኋላ እንኳን እኔ፣ ጳጳስም አያናግራቸው። ተነሣሁ፤ እንባዬ መጣ፤ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ጋሪ ላይ የሰፈረች ዶሮ ለማየት ነው ወይ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

አጥራቸው ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «አንች ልጅ!»

ዞርኩ። ገመዳቸውን መልሰው እየገመዱ ነው፤ ቀና እንኳ አላሉም።

«እኔ ምያለሁ» አሉ። «ፈረሱ ግን አልማለም።»

መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። መናኸሪያ ለመድረስ ጋሪ ላይ ስወጣ ነው የገባኝ። የዳንግላን ጋሪ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ ነጂው ሥራ የለውም። ፈረሱ ወፍጮ ቤት ደጅ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፤ ሰው ይወርድ እንደሆነ ጠብቆ ራሱ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ጋ ይቆማል፤ ይጠብቃል፤ ይሄዳል። ነጂው ሲያወራ ይደርሳል። እኔም ጋሪው ላይ ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ፤ ነጂው ዞር ብሎ ደንግጦ አየኝ።

በዚያው ከሰዓት ለጠበቃ ስንሻው ደወልኩ። «ጥፋቴን ሽማግሌ ፊት ማመን እፈልጋለሁ፤ አቶ ቢያድግልኝ ቤት መጥቼ» አልኳቸው።

«ጎበዝ! ብልህ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «ካሳውን እንተውልሻለን፤ ማስተባበያው ግን ሦስቴ ይነበባል።»

«ቅዳሜ ይመቻችኋል?» አልኩ፣ የገበያ ቀን መሆኑን እንደረሳ ሰው።

ቅዳሜ የአቶ ቢያድግልኝ ግቢ ወንበር ተደርድሮ ቆየኝ። ጋሼ ሙሉቀን አብሮኝ መጥቷል፤ ለእኔ ሳይሆን ይቅርታዬን በዓይኑ ለማየት። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ዋናው አባ ይስማው የሚባሉ፣ በፈረስ የኖሩ የዘንገና ገበሬ ናቸው። ጠበቃው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን ፀሐይ ላይ እንኳ አላወለቁም። አቶ ቢያድግልኝ የተሸለሙትን ካባ ደርበው ብቅ አሉ።

ጠበቃው ደብዳቤውን ከአንድ እስከ ሦስት ገጽ አነበቡ። «የፈረሱን ክብር» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ አንደኛው ሽማግሌ በአዊኛ አንድ ነገር ሹክ አሉ፤ አባ ይስማው ጺማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እሺ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ድምፄን የዜና ድምፅ አደረግኩት። «አባቶቼ፣ ደብዳቤው የሰውየውንም የፈረሱንም ስም አጥፍተሻል ነው የሚለኝ። ሁለቱንም ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አቶ ቢያድግልኝን ይኸው አየኋቸው። መብረቅን ግን ሳላየው እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ? ደግሞ ማስተባበያው ላይ ስለ አረማመዱ፣ ስለ ዘሩ ኩራት ጥሩ አድርጌ እንድጽፍ፣ ጌታዬ ተቀምጠውበት ገበያው ድረስ ደርሰው ቢመለሱና ብናይ?»

ጠበቃው የሆነ ነገር ሸተታቸው። «ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም…» ማለት ጀመሩ። ግን ማን ይሰማቸዋል! አቶ ቢያድግልኝ ቦርጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው ተነሥተዋል። «ለምን አይታይም? ይታያል! ሕዝቡም ይይ!»

መብረቅ ያንን ቀይ ጨርቁን ለብሶ ወጣ። አቶ ቢያድግልኝን ሁለት ሰው ደግፎ ኮርቻው ላይ አወጣቸው። ከግቢው ሲወጡ፣ እውነቴን ነው፣ አማረባቸው። እኛ በእግር ተከተልን።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ መብረቅ ቀጥ አለ።

«ሂድ!» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። እርካባቸውን ነቀነቁ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሰው እስኪወርድ።

«ምን ሆነ?» አሉ አባ ይስማው።

«የዘር ፈረስ ነው አባቴ፤ ሕዝብ ሲያይ ይኮራል» አሉ ጠበቃው።

«ወፍጮ ቤት በር ላይ?»

ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሣና ሄደ። ጤና ጣቢያው ጋ ቆመ። ጠበቀ። ሄደ። አቶ ቢያድግልኝ ካባቸው ውስጥ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ወደ ቤት ሊመልሱት ልጓሙን ይስባሉ፣ እሱ ግን የገበያ ቀን መሆኑን ያውቃል። የገበያው ዳር ላይ የጋሪ ተራ አለ፤ ሰባት ስምንት ጋሪ ተሰልፎ ሰው ይጠብቃል። መብረቅ ሄዶ ከመጨረሻው ጋሪ ኋላ ሰልፍ ገባ። ፊት ያለው ጋሪ ሞልቶ ሲሄድ፣ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ሌላው ሲሄድ፣ ሌላ አንድ እርምጃ።

ተራ አስከባሪው ከወዲያ አይቶት እየሮጠ መጣ። «ሸጋው! እንኳን ደህና መጣህ! ጋሪህን የት ጥለኸው ነው?» ብሎ አንገቱን አቀፈው። ቀና ሲል ላዩ ላይ ያሉትን አየ። «ውይ ጌታዬ… ተሳፋሪ ነዎት?»

ገበያው ፈነዳ። ጤፍ የምትሸጠው፣ በግ የሚጎትተው፣ ሁሉም። አንዲት ሴት ጆንያዋን ይዛ መጥታ ነበር፤ የት እንደምትጭን ጠፍቷት ቆማ ቀረች። አባ ይስማው አሁን ጺማቸውን አልሸፈኑም።

አቶ ቢያድግልኝ ከኮርቻው ላይ ጮሁ። ቁጣ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ያየሁት ያኔ ነው። «ምን ያስቃችኋል? ተከራየ ብላኛለች! ይኼን ነው የምከሰው! አልተከራየሁም! እኔ ቢያድግልኝ የሰው ፈረስ ተከራይቼ ልቀመጥ? በገንዘቤ የገዛሁት ነው! ከአለኸኝ! አለኸኝ ይጠራና ይመስክር፣ ፈቅጄለታለሁ!»

ጠበቃ ስንሻው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። አባ ይስማው ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«ልጄ፣ ተከራየ ያለሽ ማነው?»

አፌ ተከፍቶ ቀረ። ያቺ ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገች ሴት «የአለኸኝ ፈረስ ነው» ነው ያለችው። ተከራየ አላለችም። ማንም አላለም። «ተከራየ» የምትለዋ ቃል ጥሩ ስለተሰማችኝ፣ ዜናዬን ስላሳመረችልኝ ከራሴ ያወጣኋት ናት።

«ማንም አላለኝም አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያ እዚህ ላይ ዋሽተሻል።»

«ዋሽቻለሁ።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከአቶ ቢያድግልኝ እኩል ቀለልኩ። የማልስቅበት ቦታ እዚህ ነው። ጋሼ ሙሉቀን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መሬት መሬት አየ። ሥራዬ እዚያው የጋሪ ተራ ላይ የሄደ መሰለኝ።

አባ ይስማው ፈረዱ፦ «የጋሪ ፈረስ ያለችው እውነት ነው፤ ሁላችንም አየን። ተከራየ ያለችው ውሸት ነው፤ አምናለች። ያቺን ታርም። ከክፋት ተነሥቼ ሁሉን ፈጠርኩ የሚለው ወረቀት ግን ይቀደድ።»

ጠበቃው ወደ ደንበኛቸው ጆሮ ተንጠራሩ። «ጌታዬ፣ ማስተባበያው ይቅርብን። ይረሳል። እባክዎ ይቅርብን።»

«ይቅር?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «ተከራይ ተብዬ ልቅር? ይነበባል! ሦስቴ ይነበባል!»

ከሰኞ እስከ ረቡዕ በዜና ሰዓት አነበብኩ። ሚጥሚጣ አልነበረበትም፤ ቃል በቃል እንዲህ ነበር፦ «መብረቅ የተባለውን ፈረስ አቶ ቢያድግልኝ ተከራይተውታል በማለት ያቀረብነው ዘገባ ስህተት ነው። ፈረሱ የተከራየ አይደለም፤ ጋሪ ይጎትት ከነበረበት ከዳንግላው ባለጋሪ ከአቶ አለኸኝ ላይ የተገዛ ነው። ላጠፋነው ጥፋት አቶ ቢያድግልኝን ይቅርታ እንጠይቃለን።» የመጀመሪያውን ዜና ያልሰማ ሰው ይህን ሰማ። የሰማም ደገመ። ባጃጅ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሁሉ ሳቅ ሆነ።

ጋሼ ሙሉቀን ኮንትራቴን አደሰልኝ። «እኔማ መጀመሪያም አምኜሽ ነበር» አለኝ፤ ምን እላለሁ፣ አመሰገንኩት። አያ አለኸኝ መሐላቸውን ሳያፈርሱ ተገላገሉ። አቶ ቢያድግልኝ ፈረሱን አልሸጡትም፤ ኩራታቸው አይፈቅድላቸውም። በገበያ ቀን ግን አያወጡትም ይባላል። ይባላል ነው፤ ሄጄ አላየሁም።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ይህን ሲሰማ «ሀብታሙን አዋረድሽው» ይለኛል። ያዳነኝ ግን የእኔ ጉብዝና አይደለም። ያዳነኝ የሰውየው ትዕቢት ከእኔ ትዕቢት ትንሽ መብለጡ ነው። ትንሽ ብቻ። እሳቸው ለፈረሱ ዘር ፈጠሩለት፤ እኔ ደግሞ ኪራይ ፈጠርኩለት። እናንተም ስልካችሁ ላይ የሰማችሁትን ስታስተላልፉ፣ አንዲት ቃል ከራሳችሁ ጨምራችሁ እንደሆነ ነገ ሽማግሌ ፊት «ማነው ያለሽ?» ስትባሉ ትደርሱባታላችሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ «ታውቋል» የምትለዋን ቃል ማን እንዳወቀ ሳልጽፍ ጽፌያት አላውቅም። ዜናዬ ትንሽ አልጫ ሆኗል ይሉኛል፤ ይሁን።

በወሩ ከጠበቃ ስንሻው ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ይሄኛው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ማስተባበያው ራሱ የደንበኛዬን ስም ያጠፋ ስለሆነ በአስቸኳይ ይስተባበል ይላል። ጋሼ ሙሉቀን ወረቀቱን እንደለመደው በሁለት ጣቱ ይዞ ሰጠኝ። ተቀመጥኩና ያነበብኩትን ማስተባበያ አውጥቼ እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየነካሁ አለፍኩ፤ ይህቺን ማን ነገረኝ፣ ይህቺን የት አየሁ እያልኩ። ከዚያ አንዲት መስመር መልስ ጻፍኩ፦ «ከተነበበው ውስጥ ሐሰት የሆነችውን ቃል ይጠቁሙን፤ በማግስቱ እናርማለን።»

ማኅተም አስመትቼ ላክኩት። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።